«አልተገኘም» እና «የለም»፦ የመረጃ ቋት ማውጫ መሻሻል ለተገልጋዩ ምን ይለውጣል?

ከሐዋሳ ከተማ ክፍለ ከተሞች አንዱ ስሙን የወሰደው ከሐይቁ ዳርቻ ነው። አጻጻፉ ግን በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አይገኝም። በአንዱ «ሐይቅ ዳር»፣ በሌላው «ሀይቅ ዳር»፣ በሦስተኛው «ሃይቅ ዳር» ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱን ቃላት አያይዞ «ሐይቅዳር» የሚጽፍም አይጠፋም። የከተማዋ ስም ራሱ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ በቀድሞው ጊዜም አዋሳ እየተባለ ተጽፏል። አማርኛ የሚያነብ ሰው በዚህ አይቸገርም፤ ድምፁም ቦታውም አንድ ነውና። ኮምፒውተር ግን ድምፅ አይሰማም። ለእርሱ ሐ፣ ሀ እና ሃ የየራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው።

ነገሩ የሰዋስው ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቋንቋ ምሁራን መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን አገልግሎት ወደ ኮምፒውተር በተዛወረ ቁጥር ጉዳዩ ወደ መስኮቱ ይመጣል። የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ምትክ የጠየቀች እናት፣ የአባቱን ውርስ ለማጣራት የሞት ምዝገባ የሚፈልግ ልጅ፣ የንግድ ፈቃዱን የሚያድስ ነጋዴ ከመስኮቱ በስተጀርባ ካለው ሠራተኛ የሚሰሙት መልስ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፦ «አልተገኘም»። ተገልጋዩ ይህን «የለም» ብሎ ይተረጉመዋል። ሠራተኛውም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ይረዳዋል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። «የለም» ስለ መዝገቡ የሚነገር ነው፤ «አልተገኘም» ግን ስለ ፍለጋው የሚነገር ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት ሰው ለሳምንታት ሊመላለስ፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ እንዳልተመዘገበ ተቆጥሮ እንደገና ተመዝገብ ሊባል ይችላል።

ፍለጋው እንዴት እንደሚካሄድ ለመረዳት ከኮምፒውተሩ በፊት የነበረውን መዝገብ ቤት ማስታወስ ይጠቅማል። በደንብ የተያዘ መዝገብ ቤት ውስጥ ማኅደሮቹ በመደርደሪያ ላይ በቁጥር ይቀመጣሉ፤ በጠረጴዛው ላይ ደግሞ በፊደል ተራ የተጻፈ ማውጫ ይኖራል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ስሙን በማውጫው ላይ አይቶ የማኅደሩን ቁጥር ያገኛል፣ ከዚያ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። ማውጫው ባይኖር እያንዳንዱን ማኅደር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማገላበጥ ግድ ይሆን ነበር። የኮምፒውተር የመረጃ ቋትም እንዲሁ ነው። መረጃው በረድፍና በዓምድ በተሰደሩ ሠንጠረዦች ይቀመጣል፤ ሠንጠረዦቹ በጋራ ቁጥር እርስ በርስ ይያያዛሉ። በጎን ደግሞ ማውጫ ይዘጋጃል። ማሽኑ «አልተገኘም» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የተመለከተው ማውጫውን እንጂ መዝገቡን አይደለም። የቀድሞው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ማውጫው ላይ ሲያጣ ተነሥቶ መደርደሪያውን ይፈትሽ ነበር፤ ማሽኑ ካልታዘዘ በቀር አይነሣም።

የማውጫ ዓይነቶች ብዙ ናቸው። በሰፊው የሚሠራበት ቢ-ትሪ የሚባለው ሲሆን በፊደል ወይም በቁጥር ተራ የተደረደረ ነው፤ ከላይ ወደ ታች እየጠበበ በሚሄድ ቅርንጫፍ ተፈላጊው ይገኛል። ሁለተኛው ሐሽ ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ከትፎ መደባለቅን የሚያመለክት ነው፤ ክትፎ ተመልሶ ሙሉ ሥጋ እንደማይሆን ሁሉ ከሐሽ ውጤትም ተነሥቶ የመጀመሪያውን ስም ማወቅ አይቻልም። የሐሽ ማውጫ ተራ አይጠብቅም። ስሙን ወይም ቁጥሩን ወስዶ በአንድ ቋሚ ስሌት ያሳልፈዋል፣ የስሌቱ ውጤትም የሚቀመጥበትን ሣጥን ይነግረዋል።

ለምሳሌ 8 ሣጥኖች ያሉት ቀላል ማውጫ ይታሰብ። የማኅደር ቁጥር 482739 ለ8 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው፤ ስለዚህ ማኅደሩ በሣጥን 3 ተመዝግቧል ማለት ነው። ነገ ያው ቁጥር ሲጠየቅ ያው ስሌት ይደገማል፣ በቀጥታ ሣጥን 3 ይከፈታል። ሌሎቹ ሰባት ሣጥኖች አይነኩም። በሐዋሳ ቤት ለመጠቆም «ከገብርኤል ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከፋርማሲው አጠገብ» ማለት የተለመደ ነው፤ ሐሽ ግን መንገድ አያሳይም፣ በር ላይ ያደርሳል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1953 በጻፈው የውስጥ ማስታወሻ ላይ አንሥቶታል። ሣጥኖቹ ሲሞሉ ማውጫውን በሙሉ እንደገና ሳይሠሩ አንድ በአንድ እየከፈሉ ማሳደግ የሚቻልበትን ዘዴ ደግሞ ዊቶልድ ሊትዊን እ.ኤ.አ. በ1980 አሳትሟል። በምሳሌው ብንቀጥል፣ ሣጥን 3 የሚከፈልበት ተራ ሲደርስ 11 ቁጥር የተሰጠው አዲስ ሣጥን ይከፈታል። በሣጥን 3 የነበሩት ቁጥሮች አሁን ለ8 ሳይሆን ለ16 ይካፈላሉ፤ 482739 አሁንም ቀሪው 3 ስለሆነ ባለበት ይቆያል፣ 482747 ግን ቀሪው 11 ስለሆነ ወደ አዲሱ ሣጥን ይዛወራል። የቀሩት ሣጥኖች በዚህ ጊዜ ምንም አይሆኑም። ከተማ ሲያድግ ሁሉንም ቤት አፍርሶ እንደገና መሥራት ሳያስፈልግ አንዱን ቀበሌ ለሁለት እንደመክፈል ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ተገልጋይ ቅርብ የሚሆነው በፋይዳ ምክንያት ነው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለው፣ ማንም አገር በነፃ ሊጠቀምበት በሚችለው ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ በሕንድ ባንጋሎር እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረ ሲሆን መረጃውን የሚያስቀምጥበት የመረጃ ቋት ሥርዓት ፖስትግሬስ ይባላል። ፖስትግሬስም እንዲሁ ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች ያሻሽሉታል፣ የሚሻሻለውም ነገር ለሁሉም ተጠቃሚ ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ ሶፍትዌር ውስጥ የሐሽ ማውጫ ታሪክ ምን ይመስል እንደነበር ማየት «አልተገኘም» የሚለው ቃል ከየት ሊመጣ እንደሚችል ያሳያል።

ፖስትግሬስ የሐሽ ማውጫ ከነበረው ረጅም ጊዜ ሆኗል። ግን ለብዙ ዓመታት የሶፍትዌሩ መመሪያ ራሱ ተጠቃሚዎች እንዳይጠቀሙበት ይመክር ነበር። ምክንያቱ ፍጥነት ብቻ አልነበረም። በመዝገብ ቤት አንድ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ በገቢ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ወደ ማኅደሩ ይገባል። ደብዳቤው መንገድ ላይ ቢጠፋ እንኳ የገቢ መዝገቡ መምጣቱን ይመሰክራል፤ ነገሩን ከዚያ ተነሥቶ ማስተካከል ይቻላል። ፖስትግሬስም ማንኛውንም ለውጥ ከማድረጉ በፊት በእንዲህ ያለ የገቢ መዝገብ ላይ ይጽፋል። የሐሽ ማውጫ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ቀርቶ ነበር። በሠንጠረዡ ላይ የተደረገው ለውጥ ይመዘገባል፤ በሐሽ ማውጫው ላይ የተደረገው አይመዘገብም።

መብራት ሳይቋረጥ፣ ሰርቨሩም ሳይወድቅ እስከቆየ ድረስ ይህ ጉድለት አይታይም። ኤሌክትሪክ በሥራ መካከል ሲቋረጥና መጠባበቂያው ሳይደርስ ሲቀር ግን ነገሩ ይለያል። ሰርቨሩ ሲነሣ ከገቢ መዝገቡ እያነበበ ሠንጠረዡን ወደ ትክክለኛ ሁኔታው ይመልሰዋል። ማውጫው ግን የሚመለስበት ማስረጃ የለውም። ግማሹ የተጻፈ፣ ግማሹ ያልተጻፈ ሆኖ ይቀራል። የተገልጋዩ መረጃ በሠንጠረዡ ውስጥ በትክክል ተቀምጦ ሳለ ማውጫው አያውቀውም። መፍትሔው ማውጫውን በሙሉ አፍርሶ እንደገና መሥራት ነበር፤ ይህንንም የሚያደርገው ማውጫው መበላሸቱን የሚያውቅ ባለሙያ ሲኖር ብቻ ነው። የከፋው ነገር፣ የተበላሸ ማውጫ ሁልጊዜ «ተበላሽቻለሁ» አይልም። «አልተገኘም» ብሎ ዝም ይላል።

ከዚህ የባሰ ሌላ ጉድለትም ነበር። ትልቅ አገልግሎት የሚሰጥ ሥርዓት በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ አይመሠረትም፤ ዋናው ሰርቨር ቢወድቅ የሚተካ፣ በተለመደው ጊዜም የጥያቄውን ጫና የሚጋራ ቅጂ ሰርቨር ይኖረዋል። ቅጂው ወቅታዊ ሆኖ የሚቆየው ያንኑ የገቢ መዝገብ ከዋናው እየተቀበለ በማንበብ ነው። የሐሽ ማውጫ ለውጦች በገቢ መዝገቡ ላይ ስለማይጻፉ ወደ ቅጂው አይደርሱም ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ በዋናው ሰርቨር ላይ የሚገኝ ሰው በቅጂው ላይ «አይኖርም»። ጥያቄው ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሄደ ተገልጋዩም የመስኮቱ ሠራተኛም አያውቁም። ጠዋት ያልተገኘው ከሰዓት በኋላ ሊገኝ ይችላል። «ሲስተም የለም» የሚለው የተለመደ መልስ ቢያንስ እውነቱን ይናገራል፤ ይህ ግን ሲስተሙ እየሠራ የሚሰጠው የተሳሳተ መልስ ነው፣ ስለዚህም የበለጠ አደገኛ ነው።

በመስከረም 2010 ዓ.ም. የወጣው የፖስትግሬስ 10ኛ እትም ይህን ለወጠው። በዋነኛነት አሚት ካፒላ በተባለው መሐንዲስ በተሠራው ማሻሻያ የሐሽ ማውጫ ለውጦች ሁሉ እንደ ሌላው መረጃ በገቢ መዝገቡ ላይ እንዲጻፉ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ማውጫው ከሠንጠረዡ ጋር አብሮ ይነሣል፤ ለውጡም ወደ ቅጂ ሰርቨሮች ይደርሳል። በመመሪያው ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያም ተነሣ። ለዓመታት «አትጠቀሙበት» ሲባል የነበረ መሣሪያ በአንድ እትም ወደ አስተማማኝነት መሸጋገሩ በዚህ ሙያ የተለመደ ነገር አይደለም።

ማሻሻያው በዚህ ብቻ አልቆመም። ቀደም ሲል አንድ ሣጥን ሲከፈል በዚያ ሣጥን ውስጥ የሚፈልጉ ሁሉ እስኪያልቅ ይጠብቁ ነበር፤ በአዲሱ አሠራር ሣጥኑ እየተከፈለም ፍለጋው ይቀጥላል። ማውጫው ሲያድግ ቀድሞ የሚያዘጋጀውን ቦታ በአንድ ጊዜ እጥፍ ያደርግ የነበረው ደግሞ አሁን በአራት እርከን ይጨምራል፤ በዚህም ባዶ ቦታ ያለ ጥቅም አይያዝም። ወደ 10ኛው እትም የተሸጋገሩ ሁሉ ግን አሮጌዎቹን የሐሽ ማውጫዎች እንደገና እንዲሠሩ ተገድደው ነበር፤ በዲስክ ላይ ያለው አቀማመጥ ተለውጦ ስለነበር ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ከመስኮቱ አይታይም፣ ካልተሠራ ግን ውጤቱ መስኮቱ ላይ ይታያል።

ከዚህ ተነሥቶ ሐሽ ሁሉን ችግር የሚፈታ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። እንዲያውም ለፋይዳ ዓይነት መለያ ቁጥር የተሻለው ቢ-ትሪ ሊሆን ይችላል። የማይለወጠው የፋይዳ ቁጥር 12 አኃዝ አለው፤ ከእርሱ የሚፈለገው የመጀመሪያው ነገር አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው እንዳይሰጥ መጠበቅ ነው። የፖስትግሬስ የሐሽ ማውጫ ይህን ጥበቃ አያደርግም፤ ቢ-ትሪ ያደርጋል። ሐሽ ከሁለት በላይ ዓምዶችን ቀርቶ ሁለቱን እንኳ በአንድነት አይዝም። «ከ2010 እስከ 2015 ዓ.ም. የተወለዱትን አውጣ» ለሚል ጥያቄም መልስ የለውም፤ ተራ አያውቅምና። «ስማቸው በተስ የሚጀምሩትን አሳይ» ቢባል ተስፋዬንም ተስፋነሽንም አያወጣም። የሚመልሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ከዚህ ጋር አንድ የሆነ አለ ወይ?»

በፍጥነትም በኩል ልዩነቱ እንደሚባለው አይደለም። አንድ ሚሊዮን ረድፍ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ቢ-ትሪ ጥቂት እርከኖችን ወርዶ ይደርሳል፤ ሐሽ ከዚያ ያነሱ ገጾችን ሊነካ ይችላል። ልዩነቱ የሰከንድ ሺኛ ክፍልፋዮች ነው፤ ወረፋ ላይ የቆመ ሰው አይሰማውም። ፍለጋው ደቂቃዎችን የሚወስድ ከሆነ ምክንያቱ የማውጫው ዓይነት ሳይሆን ማውጫ አለመኖሩ፣ ወይም ኔትወርኩ ሊሆን ይችላል። የሐሽ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው የሚፈለገው ጽሑፍ ረጅም ሲሆን ነው፤ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢረዝም በማውጫው ውስጥ የሚቀመጠው የስሌቱ ውጤት ብቻ በመሆኑ ማውጫው ትንሽ ሆኖ ይቀራል።

ባለሙያ የሚሳሳትበት ሌላ ቦታም አለ። «ክፍለ ከተማ» በሚለው ዓምድ ላይ የሐሽ ማውጫ ቢሠራ ምን ይሆናል? የሐይቅ ዳር ነዋሪ ሁሉ በዚያ ዓምድ ያለው ቃል አንድ ነው። አንድ ቃል ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አንድ ሣጥን ይሄዳል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ሣጥን ተከምረው፣ ሣጥኑም በተጨማሪ ገጾች ላይ ተጨማሪ ገጽ እየተቀጠለለት፣ ሌሎቹ ሣጥኖች ባዶ ይቀራሉ። ክፍል ማብዛት እዚህ ላይ አይረዳም፤ አንድ ዓይነት ቃልን ለሁለት መክፈል አይቻልምና። ሐሽ የሚስማማው እያንዳንዱ ሰው የተለየ ዋጋ ለያዘበት ዓምድ ነው።

ተገልጋዮች በተገቢው የሚያነሡት አንድ ሥጋት ደግሞ የመረጃ መቀላቀል ነው። የስሌቱ ውጤት የሚይዘው ብዛት ውስን ነው፤ በፖስትግሬስ ከ4 ቢሊዮን ከ294 ሚሊዮን ትንሽ በላይ የተለያዩ ውጤቶች አሉ። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን 77 ሺህ ያህል የተለያዩ ቁጥሮች ሲመዘገቡ ከመካከላቸው ቢያንስ ሁለቱ አንድ ውጤት የማግኘታቸው ዕድል ከግማሽ በላይ ይሆናል። በመቶ ሺዎች ነዋሪ ላለባት እንደ ሐዋሳ ያለች ከተማ ይህ የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ የአንዱ ማኅደር ለሌላው ይወጣልን? አይወጣም። የመረጃ ቋቱ ሣጥኑን ከከፈተ በኋላ ወደ ሠንጠረዡ ሄዶ የተጻፈውን ዋና ቁጥር ከተጠየቀው ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ ያልፈዋል። የውጤት መገጣጠም ትንሽ ሥራ ይጨምራል እንጂ ሰውን ከሰው አይቀላቅልም። ይህ በሐሽ ላይ ከሚነሡት ሥጋቶች ሁሉ መሠረት የሌለው ነው።

መሠረት ያለው ሥጋት ወደ ፊደሉ ይመልሳል። ሐሽ «አንድ የሆነ» ሲል ፍጹም አንድ የሆነ ማለቱ ነው። አንዲት ፊደል ከተለወጠች የስሌቱ ውጤት ወደ ሌላ ሣጥን ይወስዳል፤ የተቀራረበ ስም የሚባል ነገር በሐሽ ዘንድ የለም። በቢ-ትሪ የሚሠራ ሰው ቢያንስ በተራው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማየት ይችላል፤ በሐሽ ጎረቤት የለም። በአማርኛ ደግሞ «ሀ» የሚለውን ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ብሎ በስድስት መንገድ መጻፍ ይቻላል። ሰ ከሠ፣ አ ከዐ፣ ጸ ከፀ ጋር በድምፅ አንድ ናቸው። ስለዚህ «ፀሐይ» የሚለው ስም በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ «ኃይለ ሥላሴ» ደግሞ፣ አያይዞ መጻፍና መለየትም ሲቆጠር፣ በ48። ጸሐፊው ሁሉንም አይጽፍም፣ ግን ሦስትና አራቱን በየዕለቱ ይጽፋል። የልደት ምዝገባው በአንደኛው፣ የትምህርት ማስረጃው በሌላው፣ የባንክ ሒሳቡ በሦስተኛው ሊጻፍ ይችላል። ሦስቱ ለአንባቢ አንድ ሰው ናቸው፤ ለማውጫው ሦስት። የአያት ስም እየጨመሩ ሦስት ስም መጻፍ ሰውን ከሰው ለመለየት ቢጠቅምም የልዩነቱን ዕድል በሦስት ቦታ ይከፍተዋል። ኮምፒውተሩ ክፍተትንም እንደ ፊደል ይቆጥራል፤ ከስሙ በኋላ ሳይታወቅ የተመታች አንዲት ባዶ ቦታ እንኳ ፍለጋውን ታሰናክላለች።

ይህን ለማቃለል ሁለት መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም አብረው ቢሄዱ ይሻላል። የመጀመሪያው የመረጃ ቋቱን በሚሠራው ባለሙያ እጅ ነው። ፖስትግሬስ ማውጫን በዓምዱ ላይ ብቻ ሳይሆን ከዓምዱ በሚወጣ ስሌት ላይም እንዲሠራ ይፈቅዳል። ስሙ ወደ ማውጫው ከመግባቱ በፊት ስድስቱ «ሀ»ዎች ወደ አንድ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፣ ትርፍ ክፍተቶችም ይወገዳሉ። ፈላጊው ያስገባው ስምም በዚያው ወንፊት ያልፋል። ያን ጊዜ «ፀሐይ»ም «ጸሃይ»ም ወደ አንድ ሣጥን ይደርሳሉ። ይህ መደረግ ያለበት በማውጫው ላይ ብቻ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የተቀመጠው፣ በምስክር ወረቀቱም ላይ የሚታተመው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው መቆየት ይገባዋል። «ሠርቀ»ን «ሰርቀ» አድርጎ ማተም ስሙን ወደ ሌብነት ይቀይረዋል፤ ለፍለጋ እንዲመች ተብሎ የሰው ስም ትርጉም ሊነካ አይገባም። የሲዳምኛና የሌሎች ቋንቋዎች ስሞች በአማርኛ ፊደል ሲጻፉም ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ አንዱ ጸሐፊ የሰማበት መንገድ ከሌላው ይለያልና።

ሁለተኛው መንገድ በስም ፈንታ በቁጥር መፈለግ ነው። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረውና ከዚያም ወደ ክልሎች የተስፋፋው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ ተቋማትን በአንድ አዳራሽ ሰብስቧል። ተገልጋዩ የሚያየው አንድ መስኮት ነው፤ ከመስኮቱ በስተጀርባ ግን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ የግብር፣ የንግድ ፈቃድና ሌሎችም የየራሳቸው የመረጃ ቋቶች አሏቸው። አንዱ ከሌላው ጋር የሚገናኘው አንድ የሆነ ነገር ሲያገኝ ነው። ያ ነገር ስም ከሆነ የፊደሉ ችግር በተቋማቱ ቁጥር ይባዛል። የፋይዳ ቁጥር ከሆነ ግን አኃዝ ድምፅ አልባ ነው፤ 7ን በሁለት ዓይነት የሚጽፍ የለም። «አንድ የሆነ አለ ወይ» ብቻ ለሚጠይቅ ማውጫ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አይገኝም። የልደት ቀንም ቢሆን ለዚህ አይመችም፤ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ያለው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት በስህተት ሲገባ አንድ ሰው ሁለት ዕድሜ ይኖረዋል።

ከፋይዳ በፊት የተመዘገቡ ሰነዶች ግን በቁጥር አልተያያዙም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ቀደም የተሰጡ የቀበሌና የማዘጋጃ ቤት ሰነዶችም በየመደርደሪያው አሉ። እነዚህ ወደ ኮምፒውተር ሲገቡ የሚገቡት በስም ነው፤ የሚያስገባው ሠራተኛ በጻፈው ፊደል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ስምና ቁጥር ጎን ለጎን መሥራታቸው አይቀርም።

በዚህ ጊዜ ተገልጋዩ ራሱ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አለ። «አልተገኘም» ሲባል ፍለጋው በምን እንደተደረገ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በስም ከሆነ በፋይዳ ቁጥር፣ ፋይዳ ካልተያያዘ በቀድሞው የምዝገባ ወይም የምስክር ወረቀት ቁጥር እንዲሞከር መጠየቅ ይቻላል። በካርዱ ላይ የሚገኘው 16 አኃዝ ቁጥር በ12ቱ አኃዝ ፈንታ የሚያገለግል ተለዋጭ ስለሆነ ሁለቱን አለማምታታት ያስፈልጋል፤ ሐሽ ባለ 12 ቁጥሩን በሚጠብቅበት ቦታ ባለ 16ቱ ቢገባ መልሱ አሁንም «አልተገኘም» ነው። የአሮጌ ሰነድ ቅጂ ያለው ሰው ስሙ በዚያ ላይ እንደተጻፈ፣ ፊደል ሳያርም፣ ማሳየቱ ፍለጋውን ያሳጥራል። አዲስ ምዝገባ ላይ ደግሞ ሠራተኛው ማተሚያውን ከመጫኑ በፊት በስክሪኑ ላይ ያለውን ስም አንድ በአንድ ማንበብ፣ ከፋይዳው ላይ ካለው አጻጻፍ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በድጋሚ ተመዝገቡ የተባሉ ተገልጋዮች የቀድሞው ምዝገባ በተለያየ አጻጻፍና በቁጥር ተፈልጎ መታጣቱን ሳያረጋግጡ ባይስማሙ ይመረጣል። ሁለተኛው ምዝገባ የመጀመሪያውን አያጠፋውም፤ አንዱን ሰው በሁለት ሣጥን ያስቀምጠዋል፣ ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ ለመወሰንም ሌላ መስኮት፣ ሌላ ወረፋ ይጠብቃል።